ደመወዝ የማያውቀው ትውልድ አምበል

እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 16 ቀን 2002 ሴንት ኤቲየን ከተማ ውስጥ የተሰበሰበው ሕዝብ ለፈረንሳይ የሴቶች እግር ኳስ እንግዳ ነገር ነበር። ጆፍርዋ ጊሻር የሚባለውን ስታዲየም ደጋፊው «ድስቱ» እያለ ይጠራዋል፤ ሲሞላ ስለሚፈላ። በ1970ዎቹ የከተማዋ የወንዶች ቡድን ታላላቅ የአውሮፓ ክለቦችን እየጠራ ያንገበገበበት ሜዳ ነው። የዚያን ዕለት ግን ከ23 ሺህ በላይ ተመልካች የገባው የፈረንሳይ ሴቶች ከእንግሊዝ ጋር ሲጋጠሙ ለማየት ነው። አንድ ወር ቀደም ብሎ ለንደን ላይ፣ በክሪስታል ፓላስ ሜዳ፣ ፈረንሳይ በማሪኔት ፒሾን ግብ 1 ለ 0 አሸንፋ ተመልሳለች። በመልሱ ጨዋታ አቻ ብትወጣ እንኳ በታሪኳ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ሴቶች የዓለም ዋንጫ ታልፋለች። የ1991፣ የ1995 እና የ1999 ውድድሮች ያለ እሷ ነው የተካሄዱት።

እንዲህ ባለ ጨዋታ የመሀል ተከላካይ ሥራ የታወቀ ነው። ኳሱን ማራቅ፣ መስመሩን መጠበቅ፣ ሰዓቱን መግፋት። አጥቂዎቹ ቢያገቡ እሰየው፤ ባያገቡም ዜሮ ለዜሮ ይበቃል። የዕለቱን ብቸኛ ግብ ያስቆጠረችው ግን የመሀል ተከላካይዋ ኮሪን ዲያክር ሆነች። ፈረንሳይ በደርሶ መልስ ውጤት 2 ለ 0 አለፈች።

ዛሬ ስለ ዲያክር ፈረንሳይ ውስጥ ቢጠየቅ አብዛኛው ሰው ይህን ግብ አያነሳም። የሚያነሳው በ2023 ከገዛ ተጫዋቾቿ ጋር ተጣልታ የተባረረችውን አሠልጣኝ ነው። ነገሩም ብዙ ጊዜ እንደ ጠባይ ጉዳይ ይተረካል። ግትር ነበረች፣ ፈገግታ አታውቅም፣ ሰው አትሰማም ይባላል። ከዚህ ውስጥ እውነት የለም አልልም። ጠባይ ብቻውን ግን ይህን ሁሉ አያስረዳም። ታሪኩን የሚያስረዳው ዲያክር ያደገችበት እግር ኳስና በኋላ ያሠለጠነቻቸው ሴቶች ያደጉበት እግር ኳስ ሁለት የተለያዩ ዓለማት መሆናቸው ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ደግሞ ሃያ ዓመት እንኳ አይሞላም።

* * *

ዲያክር የተወለደችው ኦገስት 4 ቀን 1974 በሰሜን ፈረንሳይ፣ ከሊል ከተማ አጠገብ በምትገኘው ክርዋ ነው። በ14 ዓመቷ፣ በ1988፣ በደቡብ ምዕራብ በምትገኝ ሷዮ በምትባል ትንሽ ከተማ የሚገኘውን የሴቶች ክለብ ተቀላቀለች። ሷዮ የአንጉሌም ጎረቤት ናት፤ ሻራንት በሚባለው አውራጃ፣ ኮኛክ ከሚመረትበት አገር። ክለቡ በ1968 ተቋቁሞ በ1984 የፈረንሳይ ሻምፒዮን ሆኗል። ዲያክር የደረሰችው ከዋንጫው በኋላ ነው፤ እስከ 2007 ድረስ በቆየችባቸው ወደ ሃያ የሚጠጉ ዓመታት ሌላ የሊግ ዋንጫ ወደ ሷዮ አልመጣም። ክለብም አልቀየረች። ለብሔራዊ ቡድን 121 ጊዜ የተሰለፈች፣ 100 ጨዋታ በመድረስ ከፈረንሳይ ሴቶች የመጀመሪያዋ የሆነች ተከላካይ፣ በክለብ ደረጃ አንድም ትልቅ ዋንጫ ሳታነሳ ጫማዋን ሰቀለች። በወንዶቹ እግር ኳስ እንዲህ ያለ ሰው ማግኘት ያዳግታል። ጥሩ ተከላካይ ቶሎ ይገዛል። እሷን ግን የሚገዛ ገበያ አልነበረም።

ገበያው ያልነበረበት ምክንያት የራሱ ታሪክ አለው። የፈረንሳይ ሴቶች ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ጀምሮ ኳስ ይጫወቱ ነበር። በ1941 ግን የቪሺ መንግሥት የሴቶችን እግር ኳስ ከለከለ። አገሪቱ ነጻ ከወጣች በኋላም ፌዴሬሽኑ ሴቶቹን መልሶ ለመቀበል እስከ 1970 ቆየ። በሚቀጥለው ዓመት ኤፕሪል ላይ ፈረንሳይ ከኔዘርላንድስ ጋር አዝብሩክ በምትባል የሰሜን ከተማ ተጋጥማ 4 ለ 0 አሸነፈች። ፊፋ ያንን ጨዋታ በሴቶች ብሔራዊ ቡድኖች መካከል እንደተደረገ የመጀመሪያ ይፋዊ ጨዋታ ይቆጥረዋል። ዲያክር የተወለደችው ከዚያ ሦስት ዓመት በኋላ ነው። ለብሔራዊ ቡድን መሰለፍ በጀመረችበት በ1993 የአንደኛ ዲቪዚዮን ተጫዋች ማለት ቀን ሥራ ወይም ትምህርት ቤት ውላ ማታ የምትለማመድ ሴት ናት። ክለቦች ለሴት ተጫዋቾች የፌዴራል ውል የሚባለውን የደመወዝ ውል መፈረም የጀመሩት በ2009 ሲሆን ያኔ ዲያክር ከተጫዋችነት ከወጣች ሁለት ዓመት አልፏታል።

ለውጡ መምጣት የጀመረው፣ ነገሩ ያስገርማል እንጂ፣ በወንዶቹ ድል በኩል ነው። በ1998 ፈረንሳይን የዓለም ሻምፒዮን ያደረገው ኤሜ ዣኬ ወዲያው የፌዴሬሽኑ የቴክኒክ ዳይሬክተር ሆነ። በዚያው ዓመት ክሌርፎንቴን በሚገኘው የብሔራዊ ቡድኖች ማዕከል ለሴቶችም ማሠልጠኛ ተከፈተ። ወንዶቹ ለዋንጫው ከተዘጋጁበት ሣር አጠገብ የ16 እና የ17 ዓመት ሴት ልጆች አድረው እየተማሩ መለማመድ ጀመሩ። ከአሠልጣኟ ኤሊዛቤት ሉዋዜል ብሔራዊ ቡድን ውስጥ ወጣቶቹ የዚህ ማዕከል ፍሬዎች ናቸው። ዲያክር ግን ያኔ 24 ዓመቷ ነው፤ የተሠራችው ሷዮ ውስጥ ነው።

* * *

በሜዳ ላይ ምን ዓይነት ተጫዋች ነበረች? ረጅም፣ በአየር ኳስ ጠንካራ፣ ከኋላ ሆና ሌሎቹን የምታስተካክል። ለብሔራዊ ቡድን ያገባችው 14 ግብ ለተከላካይ ቀላል ቁጥር አይደለም፤ በቆመ ኳስ ወደ ፊት እየሄደች የምታስጨንቅ እንደነበረች ይናገራል። የመሀል ተከላካይነት ከሌሎቹ ቦታዎች የሚለይበት አንድ ነገር አለ። አጥቂ አሥር ጊዜ ስቶ አንዴ ቢያገባ ጀግና ይባላል፤ ተከላካይ አሥር ጊዜ አድኖ አንዴ ቢስት ስሙ በዚያች አንዲት ስሕተት ይጠራል። በዚህ ቦታ ብዙ ዓመት የኖረ ሰው አደጋን አስቀድሞ ማየትና የማያስፈልገውን ሁሉ መቁረጥ ይለምዳል። ዲያክር ለዓመታት አምበል ሆና ይህንን ልማድ በቡድኑ ላይ ጭና ኖራለች፤ ሙገሳም ወቀሳም ከዚሁ ነው የመጣላት።

በ2003 የዓለም ዋንጫ፣ በሳርስ ወረርሽኝ ምክንያት ከቻይና ወደ አሜሪካ በተዛወረው ውድድር፣ ፈረንሳይ በኖርዌይ 2 ለ 0 ተሸንፋ ደቡብ ኮሪያን 1 ለ 0 ረታች፤ ከብራዚል ጋር 1 ለ 1 ተለያይታ ከምድቧ ወደቀች። በ1997፣ በ2001 እና በ2005 የአውሮፓ ዋንጫዎችም ታሪኩ ያው ነው፤ ከምድብ ማለፍ አልተቻለም። የዲያክር ትውልድ ወደ በሩ ደርሷል፣ አንኳኩቷል፣ ውስጥ አልገባም። ከብሔራዊ ቡድን የወጣችው በ2005 ነው፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ የጉልበት ጉዳት ተጫዋችነቷን ዘጋው።

ወዲያው የሷዮ አሠልጣኝ ሆነች። ጎን ለጎንም በብሔራዊ ቡድኑ የብሩኖ ቢኒ ምክትል ሆና ሠራች። እነዚህ ዓመታት ስለ እሷ ሲጻፍ በአንድ ዐረፍተ ነገር ይታለፋሉ፤ የሙያው ትምህርት ቤቷ ግን እነሱ ናቸው። በአንድ በኩል ከአንደኛ ዲቪዚዮን ወርዶ መልሶ የሚወጣ፣ ገንዘብ የሌለው የወረዳ ክለብ ይዛለች። በሌላ በኩል በ2011 በጀርመኑ የዓለም ዋንጫ፣ በ2012 ደግሞ በለንደኑ ኦሊምፒክ አራተኛ የወጣውን ብሔራዊ ቡድን ከተቀያሪ ወንበር ሆና ታያለች። በኦሊምፒኩ የነሐስ ጨዋታ ካናዳ በባከነ ሰዓት አግብታ 1 ለ 0 ስታሸንፍ እዚያው ነበረች። ቢኒ በ2013 ሲሰናበት የእሷም ምክትልነት አበቃ። በ2014 በፈረንሳይ ከፍተኛውን የአሠልጣኝነት ዲፕሎማ፣ የፕሮፌሽናል ቡድን ለማሠልጠን የሚያስፈልገውን፣ በመያዝ የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። ዲፕሎማውን ይዛ የት ትሄድበታለች የሚለውን ያኔ የሚያውቅ አልነበረም።

* * *

መልሱ የመጣው ካልተጠበቀ ቦታ ነው። ክሌርሞን ፌራን በመሀል ፈረንሳይ ያለች የሚሽላን ጎማ ከተማ ናት፤ የሕዝቡ ልብ ከእግር ኳስ ይልቅ ከራግቢ ጋር ነው። የእግር ኳስ ክለቧ በሁለተኛው ዲቪዚዮን በትንሽ በጀት የሚታገል ነበር። የያኔው ፕሬዚዳንት ክሎድ ሚሺ በሌላ ሥራቸው በለ ማን የሚካሄደውን የፈረንሳይ ታላቅ የሞተር ብስክሌት ውድድር የሚያዘጋጁ ሰው ናቸው፤ ሕዝብ ምን ዓይነት ዜና እንደሚያነቃው ያውቃሉ። ሜይ 2014 ላይ ፖርቱጋላዊቷን ኤሌና ኮስታን የወንዶቹ ቡድን አሠልጣኝ አድርገው እንደሾሙ ሲያስታውቁ ዜናው ዓለምን ዞረ። ከሁለት ወር ያነሰ ጊዜ ውስጥ፣ አንድም ጨዋታ ሳይደረግ፣ ኮስታ ሥራውን ትታ ሄደች። ምክንያቷንም አልደበቀችም፦ ሳትማከር ተጫዋቾች እየተፈረሙ ነበር፣ በክለቡ ሰዎች ዘንድ የሚገባትን ቦታ አላገኘችም።

ሚሺ ወደ ወንድ ይመለሳሉ ተብሎ ሲጠበቅ፣ በቀናት ውስጥ ዲያክርን ጠሩ።

ከእሷ በፊት በአውሮፓ ይህን የሞከረች ሴት አልጠፋችም። ጣሊያናዊቷ ካሮሊና ሞራቼ በ1999 ቪተርቤዜ የሚባለውን የሦስተኛ ዲቪዚዮን የወንዶች ቡድን ይዛ ከሁለት ጨዋታ በኋላ ለቅቃለች። ስለዚህ ዲያክር ስትገባ የሚጠበቀው ጥያቄ «ታሸንፋለች ወይ?» የሚል አልነበረም፤ «እስከ መቼ ትቆያለች?» የሚል ነበር። ኦገስት 4 ቀን 2014 ብሬስት ከተማ ላይ የመጀመሪያ ጨዋታዋን ስትመራ ልክ 40 ዓመት ሞላት። ክሌርሞን 2 ለ 1 ተሸነፈ። ካሜራው ግን ከሜዳው ይልቅ ወደ እሷ ዞሮ ነበር፤ በፈረንሳይ የወንዶች ፕሮፌሽናል ቡድን በይፋ ጨዋታ የመራች የመጀመሪያዋ ሴት ናትና።

በዚህ ሁሉ ግርግር ውስጥ የወሰደችው መንገድ ዝምታ ነው። ስለ ሴትነቷ ሲጠይቋት ስለ ጨዋታው ትመልሳለች። ባንዲራ እንድትይዝ ሲጋብዟት አልያዘችም፤ ለዚህም ከሴት መብት ተሟጋቾች የተቀየሟት አሉ። እኔ ግን በዚያ ጊዜ ሌላ ምን ምርጫ ነበራት እላለሁ። እያንዳንዱ ሽንፈት በአንዲት ሴት ላይ ብቻ ሳይሆን በሴት ሁሉ ላይ የሚጻፍ ከሆነ፣ ያለው መከላከያ ጨዋታውን ተራ ማድረግ ነው። እሷም ተራ አደረገችው። በመጀመሪያው የውድድር ዘመን 12ኛ፣ በሁለተኛው 7ኛ፣ በሦስተኛው እንደገና 12ኛ ወጣች። ለዚያ በጀት ይህ ደህና ሥራ ነው። በሁለተኛው ዓመት የጋዜጠኞቹ ጥያቄ ስለ ጉዳተኞችና ስለ ተቀያሪዎች መሆን ጀምሯል፤ ትልቁ ድሏ ይሄ ነው ብል ማጋነን አይመስለኝም። በ2017 ለቅቃ ስትወጣ የተካት ፓስካል ጋስቲየን በሰከነ ክለብ ላይ ገንብቶ በ2021 ክሌርሞንን ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ አንደኛ ዲቪዚዮን አሳደገው።

* * *

ኦገስት 2017 ፌዴሬሽኑ የሴቶቹን ብሔራዊ ቡድን ሰጣት። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ፈረንሳይ የዓለም ዋንጫን ታስተናግዳለች። በክሌርሞን የተሳካላት ሰው በገዛ ቤቷ ይሳካላታል ብሎ መገመት ቀላል ነበር። ነገር ግን ቤቱ ተቀይሯል፤ የቀየረው ደግሞ ሊዮን ነው።

የያኔው የሊዮን ክለብ ፕሬዚዳንት ዣን ሚሼል ኦላስ በ2004 የከተማዋን የሴቶች ክለብ ወደ ራሳቸው ጠቅልለው ሴቶቹን እንደ ወንዶቹ ፕሮፌሽናል ለማድረግ ገንዘብ ያፈሰሱ ሰው ናቸው። ውጤቱ እስካሁን ያስደነግጣል፦ ከ2007 እስከ 2020 በተከታታይ 14 የሊግ ዋንጫ፣ ከ2016 እስከ 2020 በተከታታይ አምስት የአውሮፓ ሻምፒዮንስ ሊግ። የብሔራዊ ቡድኑ አከርካሪ ከዚያ ነው የመጣው። ማርቲኒክ ተወልዳ ገና በልጅነቷ ሊዮን የገባችው 1.87 ሜትሯ የመሀል ተከላካይ ዌንዲ ሬናር፣ አማካይዋ አማንዲን ሄንሪ፣ አጥቂዋ ኤውጄኒ ለ ሶሜ፣ ግብ ጠባቂዋ ሳራ ቡሃዲ። እነዚህ ሴቶች የራሱ ሐኪም፣ የራሱ ወጌሻ፣ የራሱ የምግብ ባለሙያ ያለው ክለብ ውስጥ በየሳምንቱ ከዓለም ምርጦች ጋር የሚለማመዱ ሠራተኞች ናቸው። ወደ ብሔራዊ ቡድን ሲመጡ የጎደለውን ያያሉ፤ ሲያዩም ይናገራሉ። ዲያክር ያደገችበት ትውልድ ማልያ ሲሰጠው የሚያመሰግን ነበር። ለእሷ ጥያቄ ማብዛት ቅንጦት ይመስላል፤ ለእነሱ ግን የሙያው አካል ነው።

ክሌርሞን ላይ ተጫዋቾቿን በየቀኑ ታገኛቸው ነበር። ያልተግባቡበት ነገር ማክሰኞ ቢነሳ ሐሙስ በልምምድ ይበርዳል። የብሔራዊ ቡድን አሠልጣኝ ግን ተጫዋቾቹን በዓመት ጥቂት ሳምንታት ብቻ ነው የሚያያቸው። የተባለችው ነገር ለወራት በስልክና በጋዜጣ ስትንከባለል ቆይታ አብጣ ትመለሳለች። ዝም የሚል ሰው በዚህ ሥራ ዝምታውን ሌሎች ይተረጉሙለታል።

የመጀመሪያው ስንጥቅ የታየው በተሾመች በሳምንታት ውስጥ ነው። የአምበልነቱን ጨርቅ ከሬናር ወስዳ ለአማንዲን ሄንሪ ሰጠች። አሠልጣኝ አምበል የመቀየር መብት አለው፤ ነገር ግን ይህ አንዲት የመሀል ተከላካይ የሌላዋን የመሀል ተከላካይ ሥልጣን የነሳችበት ጊዜ ነው። ሬናር በ2019 ባሳተመችው የሕይወት ታሪኳ ሕመሙን አልሸሸገችም። በዚያው ዓመት ለዓለም ዋንጫው የተመረጡት ስም ዝርዝር ሲወጣ ደግሞ የሊጉ ከፍተኛ ግብ አስቆጣሪ ማሪ አንትዋኔት ካቶቶ አልተካተተችም።

ጁን 7 ቀን 2019 ፓርክ ዴ ፕረንስ ሞልቶ ፈረንሳይ ደቡብ ኮሪያን 4 ለ 0 አሸነፈች። ከአራቱ ሁለቱ የሬናር የግንባር ኳሶች ናቸው። ከብራዚል ጋር ለ ሃቭር ላይ በጭማሪ ሰዓት ሄንሪ ባገባችው ግብ 2 ለ 1 ሲታለፍ ከ10 ሚሊዮን በላይ ሰው በቴሌቪዥን ተመለከተ። ከዚያ ሩብ ፍጻሜ፣ ጁን 28፣ ከአሜሪካ ጋር። ሜጋን ራፒኖ ገና በ5ኛው ደቂቃ የመታችው ቅጣት ምት በተከላካዮች እግር መሀል ሾልኮ ገባ፤ በ65ኛው ደገመች። ሬናር በ81ኛው በግንባሯ አንዱን መለሰች፤ ሁለተኛው አልመጣም። ጨዋታውን ደግሞ ላየው ሰው ፈረንሳይ አልተበለጠችም፤ ኳሱን ይዛ መግቢያ አጣች እንጂ። በጥንቃቄ የተገነባ ቡድን ከኋላ ሲጀምር የሚደርስበት ይኸው ነው። የዲያክር እግር ኳስ ድክመት እዚህ ላይ ነበር፤ ስለ ጠባይዋ ከተጻፈው ሁሉ ይልቅ ይህ ቢጻፍ ይሻል ነበር።

ከዚያ በኋላ ነገሩ እየከረረ ሄደ። በ2020 ቡሃዲ በዚህች አሠልጣኝ ሥር ዋንጫ ማንሳት አይቻልም ብላ ራሷን አገለለች። በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ አማንዲን ሄንሪ በቴሌቪዥን ቀርባ በዓለም ዋንጫው ወቅት ክሌርፎንቴን ውስጥ በየክፍላቸው የሚያለቅሱ ተጫዋቾች እንደነበሩ ተናገረች። ሄንሪና ለ ሶሜ ለ2022ቱ የአውሮፓ ዋንጫ አልተመረጡም። አምበልነቱ ግን በ2021 ወደ ሬናር ተመልሶ ነበር። በዚያ ውድድር፣ ያለ ሄንሪና ያለ ለ ሶሜ፣ ፈረንሳይ በታሪኳ ለመጀመሪያ ጊዜ የሴቶች አውሮፓ ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ ደረሰች፤ ሚልተን ኪንስ ላይ በጀርመኗ አሌክሳንድራ ፖፕ ሁለት ግቦች 2 ለ 1 ወደቀች። የፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት ኖኤል ለ ግራኤ ውሏን እስከ 2024 አራዘሙላት።

የእሷ ጥላ የነበሩት እኚህ ሰው ግን ራሳቸው እየወደቁ ነበር። ስለ አመራራቸውና በሴቶች ላይ ስላላቸው አቀራረብ የመንግሥት ተቆጣጣሪዎች ከባድ ሪፖርት ባወጡበት በፌብሩዋሪ 2023፣ በ24ኛው ቀን፣ ሬናር የዓለም ዋንጫ አምስት ወር ሲቀረው ከብሔራዊ ቡድን እንደምትወጣ አስታወቀች። አሁን ያለውን አሠራር መደገፍ አልችልም፣ ከላይኛው ደረጃ የሚጠበቀውን አያሟላም፣ የአእምሮ ጤናዬንም መጠበቅ አለብኝ የሚል ነበር ፍሬ ነገሩ። ካቶቶና ካዲዲያቱ ዲያኒ በዚያው ዕለት ተከተሏት። ከአራት ቀን በኋላ ለ ግራኤ ለቀቁ። ማርች 8፣ የዓለም የሴቶች ቀን፣ ዲያክር መግለጫ አውጥታ የስም ማጥፋት ዘመቻ እየተካሄደብኝ ነው አለች። በማግስቱ ተሰናበተች። ፌዴሬሽኑ ከተጫዋቾቹ ጋር የተፈጠረው መቆራረጥ ሊጠገን የማይችል ደረጃ መድረሱን ገለጸ።

ጉዳዩን እንዲመረምር የተቋቋመው ኮሚቴ አራት ሰው ነበረው። ከመካከላቸው ኦላስ አሉ፣ ሊዮንን የገነቡት ሰው። ሁለቱ ሴቶች አሊን ሪዬራና ሎራ ዦርዥ ናቸው፤ ሁለቱም የቀድሞ የብሔራዊ ቡድን ተጫዋቾች፣ ዦርዥም ራሷ ከዲያክር ጋር የተሰለፈች የመሀል ተከላካይ። አራተኛው የስትራስቡርግ ክለብ ፕሬዚዳንት ማርክ ኬለር። ከጠላት ወገን የመጣ ፍርድ ነው ማለት አይቻልም፤ ሙሉ በሙሉ ገለልተኛ ነው ማለትም ይከብዳል።

* * *

በእሷ ቦታ የመጣው ኤርቬ ሬናር ነው፤ ከዌንዲ ጋር ዝምድና የለውም። በ2012 ዛምቢያን፣ በ2015 ኮትዲቯርን የአፍሪካ ሻምፒዮን ያደረገው፣ በኳታሩ የዓለም ዋንጫ ሳዑዲ ዓረቢያን ይዞ አርጀንቲናን የረታው። የእኛ አንባቢ በ2013 ኔልስፕሩት ላይ አዳነ ግርማ ሲያስቆጥርበትና ዋልያዎቹ 1 ለ 1 ሲለያዩ ዛምቢያን ይመራ የነበረውን ነጭ ሸሚዝ ለባሽ ያስታውሰዋል። ሬናር ለ ሶሜን መለሰ፤ ሄንሪንም ጠራ። ሄንሪን ጉዳት ከ2023ቱ የዓለም ዋንጫ አስቀራት። የመልበሻ ክፍሉም ታረቀ። ፈረንሳይ በአውስትራሊያ በፍጹም ቅጣት ምት ተሸንፋ ከሩብ ፍጻሜ ወጣች፤ ዲያክር በ2019 የወጣችበት ያው ደረጃ ነው። በፓሪስ ኦሊምፒክም ብራዚል ናንት ላይ 1 ለ 0 አሸንፋ ከሩብ ፍጻሜ አስቀረቻት። ሬናርን የተካው የቀድሞ ምክትሉ ሎራን ቦናዴ ለ2025ቱ የስዊዘርላንድ የአውሮፓ ዋንጫ ቡድኑን ሲያሳውቅ ዌንዲ ሬናርን፣ ለ ሶሜን እና ኬንዛ ዳሊን ተዋቸው። ክርክር ተነሳ፤ አድማ ግን አልነበረም። ዲያክር ያደረገችው ይኸው ነበር፤ ልዩነቱ ቦናዴ ሲያደርገው ሬናር 34፣ ለ ሶሜ 36 ዓመት ሆኗቸዋል። ባዝል ላይ ፈረንሳዮቹ ገና በ13ኛው ደቂቃ አንድ ተጫዋች በቀይ ካርድ ከጎደለባት ጀርመን ጋር 1 ለ 1 ቆይተው በፍጹም ቅጣት ምት ወደቁ። ሩብ ፍጻሜ፣ እንደገና።

ሷዮ በ2023 ከአንደኛ ዲቪዚዮን ወርዳ በገንዘብ ችግር ተበተነች፤ የሴቶች እግር ኳስ ፕሮፌሽናል ሲሆን ወጪውን መሸከም ካልቻሉት አንዷ ናት። ዲያክር ከብሔራዊ ቡድኑ ከወጣች ከአንድ ዓመት ተኩል በላይ ሥራ ሳትይዝ ቆይታ ኖቬምበር 2024 ላይ በሁለተኛ ዲቪዚዮን የነበረውን የማርሴይን የሴቶች ቡድን ተረከበች። በመጀመሪያው የውድድር ዘመን መጨረሻ ቡድኑ ወደ አንደኛ ዲቪዚዮን ስላደገ፣ ቀጣዩ የጨዋታ መርሐ ግብር ሲወጣ የዲያክር ማርሴይ ከዌንዲ ሬናር ሊዮን ጋር በአንድ ሊግ ተመደበ።